አንጀት በሚለው ክፍል ውስጥ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ሥራሽ ምንድን ነው ብትይኝ፣ የሰው ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በየክፍሉ መደርደር ነው። ሰዉ የሚያውቀውንም የጨነቀውንም ይጽፋል፤ ስሙ ተፍቆ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ እኛ እርሻ፣ ሕግ፣ ጤና እያልን እንመድባለን። ለአንዱ ጽሑፍ የሚሰጠን ግማሽ ደቂቃ ነው። አለቃችን የመጀመሪያውን መስመር አይታችሁ ወርውሩ ይለናል፤ እኔ ደግሞ በመወርወር የሚቀድመኝ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ «አንጀቴ አልቆርጥ አለኝ» ብሎ የሚጀምር መጣልኝ። አንጀት የሚለውን ቃል አየሁና ጤና ሥር «አንጀት» በሚለው የሆድ ሕመም ክፍል ውስጥ ወረወርኩት። በማግስቱ ምድባችንን የሚያየው አራሚያችን ጮክ ብሎ አነበበውና፣ ሴትዮዋ አልቆርጥ ካላት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትጠጣ ብሎ ቀለደ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እማዬ፣ ሳቅሁ! እሱ ማንበቡን ቀጠለ። ልጇ «እናቴ አይደለሽም» ብላት ከወጣች አራት ዓመት ሆኗል፤ አሁን ብቻዋን ናት፤ ቤቱን በወሩ መጨረሻ ለገዢ ታስረክባለች፤ ልጠብቃት ወይስ ይብቃኝ ትላለች። መጨረሻው ላይ «ቁንጥንጤ» የሚል ቃል አለ።

ከአንቺ በቀር ማን እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ ያውቃል?

እዚያ ክፍል ለገባ ጥያቄ ወዲያው የሚመልሰው ማሽን ነው። ቅባት ቀንሺ፣ ካልተሻለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብሎሻል። የኔ መልስ አይደለም፣ እማዬ! አባዬ በሞተ በዓመቱ ስታገቢ ያልኩሽ ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ እግሬ ስንቴ ወደ አንቺ ተነሥቷል። አፍሬ ቀረሁ።

ስልክሽ አይሠራም። አለቃዬ እግር ላይ ወድቄ የጻፈችበትን የኢንተርኔት አድራሻ ስጠኝ ብለው፣ የተፋቀ ስም አይመለስም አለኝ። አውቶቡስ ያገኘሁት ለሐሙስ ነው፤ ወሩ ደግሞ ረቡዕ ያልቃል፤ ደብዳቤው እንኳ ይቅደመኝ ብዬ ዛሬ ለሚነሣ የጭነት ሹፌር ሰጥቼዋለሁ።

ጠብቂኝ። ጉልበትሽን ስሜ ይቅርታ እስክጠይቅሽ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ዓይንሽን ያሳየኝ።

ልጅሽ

ይህን የከፈቱት አዲሱ የቤቱ ባለቤት ከሆኑ፣ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ነግራዎት ይሆን? ሐሙስ በርዎ ላይ እቆማለሁ፤ እባክዎ ይክፈቱልኝ።