ማየትን ሲያስተምሩ የኖሩት የእትዬ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው ባወጡላቸው ስም «እትዬ ቆይ» እየተባሉ የሚጠሩት የሥዕል መምህርት፣ ከቤት ቀለም ቀቢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከቀለም መሸጫዎቹ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ እንድትጽፍ የታዘዘችው ታናሽ እህታቸው ስትወለድ፣ እትዬ ለቤቱ ሕግ አውጥተው ጨርሰው ነበር። ታናሽ መሆን እንዲህ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ማን ይጻፈው ሲባል ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

አባታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በባልዲ ቀለም ሲበጠብጡ እትዬ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው ያዩ ነበር። ነጩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ ሲል ክፍሉ እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንሽ ቢጫ ሲገባበት ደግሞ እንደሚሞቅ የተማሩት ያኔ ነው። ከእናታቸው ደግሞ ጨርቅን በጣት መዳበስ ለመዱ። ቀለሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከፋይ ብርሃኑን ውጦ ሲያስቀር፣ ሐር መልሶ እንደሚረጨው ያውቁ ነበር። በኋላ ክፍል ገብተው ስለ ሞቃትና ቀዝቃዛ ቀለም፣ ስለ ሻካራና ልስልስ ገጽ ሲያስተምሩ ምሳሌያቸው ከዚያ ቤት አልወጣም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1963 ዓ.ም. የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ እጃቸው እምቢ አላቸው። አንድ ጊዜ የሣሉትን ፈረስ አባታቸው እያገላበጡ አይተው «ጠረጴዛው ጥሩ ነው» ማለታቸው እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይነገራል። ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር። የጓደኞቻቸውን ሥራ ቆመው አይተው የቱ ጋ እንደታመመ፣ የቱ ጋ እንደሚተነፍስ ይለዩ ነበርና፣ በ1967 ዓ.ም. ሲመረቁ ትምህርት ቤቱ ሥዕል እንዲሥሉ ሳይሆን ሥዕል ማየትን እንዲያስተምሩ ቀጠራቸው። ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ ክፍል አልወጡም።

ትምህርታቸው በአብዛኛው የቃላት ትምህርት ነበር። ቃል የሌለው ሰው ሥዕል ፊት ሲቆም «ያምራል» እና «አልገባኝም» ከማለት በቀር የሚለው የለውም ይሉ ነበር። መስመርን፣ ቅርፅን፣ ብርሃንና ጥላን፣ ቅንብርን፣ ቅርብና ሩቅ የሚለይበትን ዘዴ አንድ በአንድ ያስቆጥራሉ። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለሚያመነታ ሰው እንደሚመች፣ የውሃ ቀለም ግን ለሚያመነታ እንደማይራራ ያስረዳሉ። ዓለምን እንዳለ የሚያሳየውን እውነታዊ ሥዕልና ነገሩን ትቶ ስሜቱን ብቻ የሚያስቀረውን ረቂቅ ሥዕል ጎን ለጎን ሰቅለው፣ ረቂቅ ማለት ሰነፍ ማለት እንዳልሆነ ተማሪዎቹን እስኪሰለቻቸው ይደጋግሙ ነበር። መሰልቸቱ ለተማሪዎቹ ብቻ አልነበረም። ቤት ሲመጡም ስኒው ላይ ያለችውን አበባ «ወደ ግራ አድልታለች» ሲሉ ሻያቸው ይቀዘቅዛል፤ ከእሳቸው ጋር መጋረጃ ሊገዛ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ታናሽ እህታቸው ከአንድም ሁለት ጊዜ ተመልሳለች።

በ1970 ዓ.ም. አብረዋቸው የተማሩትንና በማስታወቂያ ሰሌዳ ቤት የሚሠሩትን ሠዓሊ አገቡ። ባለቤታቸው እጅ የተሰጣቸው ሰው ናቸው። ከሰል ይዘው ወረቀት ላይ ካሰመሩ፣ መስመሩ መሄጃውን ያውቃል። እትዬ ያገቡት ሰውየውን ሳይሆን እጁን ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ እሳቸውም አልካዱም። ባለቤታቸው ቀን የሳሙናና የጫማ ማስታወቂያ ሲሠሩ ውለው፣ አመሻሽ ላይ ለራሳቸው ይሥላሉ፤ እትዬም አጠገባቸው ተቀምጠው ያያሉ። ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ። እነዚያ ዓመታት መልካም ነበሩ፤ ይህ ሳይነገር ቢቀር እግዚአብሔርም አይወደውም።

በ1981 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ የሥዕል ውድድር አዘጋጅቶ እትዬን ዋና ዳኛ አደረጋቸው። አድልዎ እንዳይኖር ሥዕሎቹ ያለ ስም ተሰቀሉ፤ ዳኛውም ፍርዱን እዚያው አዳራሽ፣ ሰው እየሰማ እንዲናገር ተወሰነ። ባለቤታቸው ሚስታቸውን ሊያስደንቁ ብለው፣ ከሥራ በኋላ ሰሌዳ ቤት እየቆዩ የሠሩትን አንድ ሥዕል ለማንም ሳይተነፍሱ አስገቡ። ልብስ የተሰጣበት ግቢ ነበር። ቤት ሆነው ቢሥሉት በራሳቸው መንገድ በሣሉት። ለማሸነፍ ብለው ግን፣ በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያብድለት የነበረን አንድ ሠዓሊ አካሄድ ተከትለው፣ በወፍራም ቀለምና በተቆራረጠ ብሩሽ ሠሩት።

እትዬ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። የሚታየው ብዙ፣ ሰዓቱም የተጣበበ ነበር። የብሩሹን አያያዝ አዩ፣ ቅንብሩን አዩ፣ ከዚያም «እጅ አለው፤ ዓይኑ ግን የውሰት ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። አዳራሹ ሳቀ። መጨረሻ ላይ የሠዓሊዎቹ ስም ሲነበብ ግን የሚስቅ ጠፋ። ሚስት የባሏን እጅ እንዴት አታውቅም ተብሎ ብዙ ተወራ። ከየት ያውቁታል? ሰውየው ራሳቸውን ደብቀው ነው የሣሉት።

ባለቤታቸው ሥዕሉን በብብታቸው ይዘው በእግራቸው ቤት ገቡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊደል እንጂ ሥዕል አልሠሩም። ለፋርማሲው ፊደል፣ ለጋራዡ ፊደል፤ ደንበኛ «እዚች ጋ ጎማ ቢጤ ይሣልልኝ» ካላቸው እንኳ ለሌላ ሠራተኛ ያስተላልፋሉ። ዘመድ ተሰበሰበ፤ የታናሽ እህታቸውም ሥራ ከአንዱ ወደ አንዱ መመላለስ ሆነ። ተሳስቻለሁ በይውና ነገሩ ይብረድ ተብለው ሲለመኑ፣ እትዬ «አንዴ ከዋሸሁት ከዚያ ወዲያ የምለውን ሁሉ በምን ያምነኛል?» አሉ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ የእሳቸው መከራ የመሸባቸው በገዛ ቤታቸው መሆኑ ነው። ባልና ሚስቱ አልተለያዩም። በአንድ ገበታ በሉ፣ ልጆቻቸውን አስተምረው ዳሩ፣ ሲታመሙ ተደጋገፉ። ስለ ሥዕል ብቻ አይነጋገሩም። ቀኑን ሙሉ ስለ ሥዕል ሲናገሩ የዋሉት ሴት፣ ቤታቸው ሲገቡ ባዶ ግድግዳ ይጠብቃቸው ነበር።

እትዬ በተናገሩት ቃል አልተጸጸቱም፤ ችኮላቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ሥዕሉ ቤት ከገባ በኋላ፣ ባለቤታቸው ሥራ በሄዱበት፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አዩት። ጥጉ ላይ፣ ከተሰጣው አንሶላ ሥር፣ የልጃቸው አንድ እግር ጫማ ወድቆ አገኙ። ያቺ ጫማ ከማንም አልተቀዳችም። ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ ያዩዋት ነበር፤ ባለቤታቸውንም ያውቋቸው ነበር። ይህን ለእህታቸው ሲነግሯት፣ ለምን ለእሱ አትነግሪውም አለቻቸው። «አሁን ብነግረው ማባበል ይመስለዋል» አሉና ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። እህት ምን ታድርግ? ሁለት ግትር ሰው መሐል ቆሞ ከማርጀት ሌላ ሥራ አልተሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ዳኛ ሁኑ ቢባሉ እሺ አላሉም። ማስተማሩን ግን አጠበቁት። ሥዕልን በአራት ደረጃ እንጂ አያስተቹም፤ በመጀመሪያ የሚታየውን ብቻ መናገር፣ ቀጥሎ ክፍሎቹ እንዴት እንደተያያዙ መመርመር፣ ከዚያ ሥዕሉ ምን እንደሚል መረዳት፣ ፍርድ መጨረሻ ላይ። ተማሪ ዘሎ ሊያደንቅ ወይም ሊያጣጥል ሲል «ቆይ» ይሉታል። ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉ ተማሪው ተረት የሚተርቱ ይመስለው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2014 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸናባቸውና አልጋቸው ወደ ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ ወጣ። የልጆቻቸው ድካም፣ የሐኪም ቤቱ ምልልስ፣ ወረፋው፣ ደረጃው በዝርዝር ባይነገር ይሻላል፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፈው ግንቦት አንድ ጠዋት ባለቤታቸው ማንንም ሳያማክሩ ሸራ ወጥረው ከአልጋው ግርጌ ተቀመጡና በከሰል እትዬን መንደፍ ጀመሩ። እትዬ የተኙ መሰሉ። ከሰሉ ወደ ዘይት ቀለም እስኪሻገር ድረስ ሁለቱም ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አላወጡም። ታናሽ እህታቸው መድኃኒት ልትሰጥ ስትገባ እንኳ በእግሯ ጣት እየረገጠች በዳር በዳር ታልፍ ነበር።

ሥዕሉ አለቀና ፊታቸው ቆመ። ባለቤታቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ እንደ ተማሪ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። እትዬ ትራሳቸው ከፍ እንዲል ጠይቀው ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ አንዲት አሮጊት፣ መስኮት፣ አንሶላ፣ የተከፈተ መዳፍ። በማግስቱ ብርሃኑ ከግራ እየገባ የመዳፉም ጥላ ወደ ግራ መውደቁን አሳዩ። ባለቤታቸው ትችት ሰምተው ብሩሽ ሲያነሱ ያን ቀን ታዩ፤ እዚያው አስተካከሉት። በሦስተኛው ቀን እትዬ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ የተሣለችውም ደክማለች፣ የሣላትም ደክሟል፤ አንዱም ከሌላው ድካሙን አልደበቀም አሉ። ባለቤታቸው «እና?» ብለው ጠየቁ። እትዬ «ዛሬ ይበቃኛል፣ ነገ» ብለው ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳያነሱ አንቀላፉ።

በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ በማግስቱ ሐሙስ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ፍርዱን አልተናገሩም።

ለማጽናናት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሥዕሉን አይቶ «ቁርጥ እሳቸውን» ይላል። ባለቤታቸው ያመሰግናሉ፤ የሚጠብቁት ግን ይህን እንዳልሆነ ቤተሰቡ ያውቃል። ትናንት ለታናሽ እህታቸው «ያኔ ቸኩላ ቀጣችኝ፤ አሁን አንዴ ብትቸኩልልኝ ምን ነበረበት?» አሏት። እህትም ጥያቄውን እንዳለ እዚህ አሰፈረችው።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ የፋርማሲ ባለሙያ ሴት ልጃቸውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ሥዕል ፊት ቆመው ዝም ማለትን የተማሩባቸው ሁሉ ከሐዘንተኞቹ ይቆጠራሉ። አስታማሚዎቻቸውንና ዛሬ እዚህ የቆማችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ፈጣሪ እኚህን ሴት ሲቀበል አይቸኩል። መጀመሪያ ይያቸው፤ ከዚያም ሥራቸው ከኑሯቸው፣ ጥፋታቸው ከልፋታቸው እንዴት እንደተያያዘ ይመልከት፤ ምን ሊሉ እንደፈለጉም ይረዳላቸው። ፍርዱም የምሕረት ይሁን፤ ለባለቤታቸውም ያላደረሱትን መልስ እሱ ያድርስላቸው። አሜን።