መርዶ በስልክ የላከው ልጅሽ

ዘነቡ፣ እስክሪብቶውን የያዘው ዳዊት ነው፣ ልጅሽ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ ራሱ የምለውን አንድ ቃል ሳይቀንስ እንዲጽፍ በስምሽ አስምዬዋለሁ። ላፕቶፑን ሊያመጣ ሲነሳ ቁጭ በል አልኩት። በእጁ ነው የሚጽፈው።

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ሙት ዓመትሽ ይወጣል። ቤቱ እንዳለ አለ። ጥርስ አያስፈልገውም ብለሽ ለእኔ የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ ጎረቤት እየለቀመ ይበላዋል። አልጋው በአንቺ በኩል ጎድጉዶ ቀርቷል። እኔ በዚያ በኩል አልተኛም።

የምጽፍልሽ ግን ስለ አልጋ አይደለም፣ ስለ ልጅሽ ነው።

ቢሮውን አይተሽዋል፤ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫው በላይ። ዛሬም እዚያው ነው። ለመድኃኒት ቤቱም ለትምህርት ቤቱም ፕሮግራም ይሠራል። እኔ መናኸሪያ አውቶቡስ ጣራ ላይ ሻንጣ እየጫንኩ ነው ያስተማርኩት፣ ስለዚህ ሥራውን አልንቅም። የጀመረውን ሳይጨርስ እህል አይቀምስም። የሠራው ነገር ሲበላሽበት ራሱ የታመመ ይመስላል። ይኼን ከእኔ ነው የወረሰው። ጻፍ፣ ከእኔ ነው። ፍርሃቱን ግን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ።

ልጅ ሳለ የጎረቤታችንን መስኮት በኳስ የሰበረ ጊዜ ምን አደረገ? ሄዶ ሰበርኩ እንደማለት ወረቀት ላይ ጽፎ በበራቸው ስር አሾለከ። አንቺ ያንን እያነበብሽልኝ ሳቅሽ። ልጄ ጨዋ ነው አልሽ። እኔ ይኼ ጨዋነት አይደለም፣ የሰው ፊት መፍራት ነው ብልሽ ኩርፊያሽ ሳምንት ፈጀ። ይኸው፣ ያልሽው ጨዋነት አድጎ ድርጅት ከፈተ።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። በዚህ ክረምት ምሳ ይዤለት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከሠራተኞቹ አንዷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛቸው አንድ ነው። ስልኳ ጮኸ፣ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። ለካ ከሥራ ማሰናበቱን በስልክ ጽፎላት ኖሯል። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ በአጠገቤ ስታልፍ፣ «አባባ፣ ልጅዎ ዲዳ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔንም እኮ ከዚያኛው ክፍል ሆኖ በስልክ ይጽፍልኛል። ፊደል ለማላውቀው ሰው! ጎረቤት እየጠራሁ አስነብባለሁ፤ «አባባ፣ እራት በልተዋል?» ይላል።

እጁ ቆመ። ጻፍ አልኩት።

ጡሩምባዬንም ያስጣለኝ እሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየነፋሁ የምለፍፈው እኔ ነበርኩ። እሱ ለእድሩ ፕሮግራም ሠራ፤ አንዴ ሲጫን የቀብሩ ሰዓት በአባሉ ሁሉ ስልክ ይገባል። ይኼንንም የነገረኝ እሱ አይደለም፣ የእድሩ ሊቀመንበር ነው። «የልጅህ ጣት ካንተ ሳንባ በለጠ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ልጄ ነዋ።

አንቺ ያረፍሽ ቀን ግን አልሳቅሁም። ከሆስፒታል እንደተመለስን ጡሩምባዬን ከግድግዳ አወረድኩ። ሐዘንተኛ አይነፋም ቢሉኝም ለአንቺ ሌላ ሰው እንዲነፋ አልፈለግሁም። ዳዊት ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «አባባ፣ አይድከሙ፤ ተልኳል» አለኝ። የገዛ እናቱን መርዶ በገዛ ጣቱ ላከ። እንባ እንኳ አልወጣውም ነበር።

ያኔ ሴት ልጃችን ትዕግስት ሻሸመኔ ባሏ ቤት አራስ ነበረች። አንቺ ሆስፒታል ስትገቢ ጉንፋን ነው ብለናት፣ ገንፎዋን እንኳ በአንቺ ፈንታ ሌላ ሰው ነው ያገነፋላት። ስትሞቺ እኔና እህትሽ መከርን። ክርስትናው እስኪያልፍ ሞትሽን አትሰማም፤ ከዚያ እህትሽና የንስሐ አባቷ ጎህ ሲቀድ ሄደው፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ያረዷታል አልን። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ይኼን አህያ ጫኙም ያውቀዋል። ዳዊትም ስንመክር አጠገባችን ተቀምጦ ነበር፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ነገር ግን ያን ፕሮግራም ሲጀምር ይሠራ አይሠራ ለማየት የቤታችንን ሰው ስልክ ሁሉ አስገብቶበት ኖሯል፤ የእኔን፣ የአንቺን፣ የትዕግስትን። ሳያወጣው ረሳው። ልጅቷ ሕፃኗን እያጠባች ስልኳ ጮኸ። ብቻዋን ነበረች። የአባላችን የአቶ መኮንን ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፣ ይላል። ሕፃኗን አልጋ ላይ ጥላ ነጠላ ሳትደርብ መንገድ ላይ ወጣች። ጎረቤቶቿ ናቸው ይዘው የመለሷት። ጡቷ ደረቀ ዘነቡ። የልጅ ልጅሽ በቆርቆሮ ወተት አደገች።

ልጅሽ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ይቅርታ ብሎ ላከላት፣ በስልክ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠችው። ከዚያ ቢሮው ገብቶ ፕሮግራሙን አስተካከለ። አሁን መርዶ ከመላኩ በፊት በቤተሰቡ አራስ ወይም በሽተኛ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል አሉ። ሌሎች እድሮችም ወደዱለት፣ ወሰዱት። እኔም ጥሩ ሠርተሃል አልኩት፤ ጥሩ ነዋ። የእህቱ በር ግን ፕሮግራም የለውም። ሻሸመኔ ከዚህ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዓመት ሊሞላ፣ አንድ ቀን አልሄደም። ልሂድ ይልና ሥራ አለብኝ ይላል።

ባለፈው እሑድ ትዕግስት ዘንድ ሄጄ ስለ ሙት ዓመትሽ ነገርኳት። ሳትቆጣ ነው የመለሰችልኝ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ እሱ ካለበት ድንኳን አልገባም። እናቴ መሞቷን እስካሁን ማንም በአፉ አልነገረኝም» አለች። ሕፃኗ ጉልበቷ ላይ ነበረች። ግንባሯ የአንቺ ነው።

ስለዚህ ፈርጃለሁ፣ አንቺም ብትኖሪ አታስለውጪኝም። ድንኳኑ ከሁለቱ አንዳቸውን ብቻ ከያዘ የሚይዘው ትዕግስትን ነው። ዳዊት የእድሩ ሰው ሁሉ እያየው ከደጅ ይመለሳል፤ ድርጅት አለው ብዬ አላፍርለትም። ይኼን ስል ቀና ብሎ አየኝ። ለመጻፍ ከተቀመጥን ጀምሮ ዓይኔን ሲያይ ገና አሁን ነው። ምን ታየኛለህ፣ ጻፍ አልኩት።

አንቺን በተመለከተ፣ ስምሽ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል አላውቅም። መቃብርሽ ላይ ያለውንም ሰው አሳይቶኝ ነው ያወቅሁት። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ግን ዘነቡ ብዬ እጠራሻለሁ፣ ጮክ ብዬ፤ ጎረቤት አበደ ቢል ይበል። ሳንባዬ እስካለ ድረስ ይኼ አይቀርም።

በቃ፣ አለቀ። አሁን አንተ አንብበው። ለእኔ ብለህ አይደለም፣ እኔ የተናገርኩትን አውቀዋለሁ። ነገ ጠዋት ሻሸመኔ ወስጄህ እህትህ ደጅ ላይ የምታነበው ይኼንኑ ነውና ድምፅህ ይልመደው። ቁም። ጮክ በል። ከላይ ጀምር፣ ብታለቅስም አታቋርጥ።