እማዬና የለቡ ከበሮዎች

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለበንቲ ዋቅቶላ፣

ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ያ የማያባራ የበርገን ዝናብ አሁንስ ፋታ ሰጣችሁ? ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህ ሶሬቲስ እንዴት ናት፣ የማታ ፈረቃው አልከበዳትም? ሕፃኗስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ወተቱን ለኮንዶሚኒየም ሰዎች እናደርሳለን። የሀና ማርያም መንገድ እንደተቆፈረ ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃው ሱቄ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ደንበኛ ቦት ጫማ አድርጎ ነው ስኳር የሚገዛኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ስለ እማዬ ገና አፌን ስከፍት «ልትሸፍኚላት ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ደግሜ ብደውል አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፤ የአባዬ ልጆች አይደለን? ስለዚህ ጻፍኩ። የባሌ የኢሉ ጓደኛ ነገሪ ረቡዕ ስለሚበር በእጁ ይሰጥሃል። በአባዬ አፈር ይዤሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። እማዬ ግንቦት ሃያ ስምንት አንተ ጋ ለመምጣት ከመሳፈሯ በፊት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ።

እንደምታውቀው እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ «ለእጄ ጠበል እጠመቃለሁ» እያለች ከቤት ትወጣ ነበር። እጇም እውነት ያብጥ ነበር። አንተ የላክኸውን ቅባት ማታ ማታ የማሻት እኔ ነኝ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ታዲያ ቀመሪያ፣ ያቺ ለቡ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው የድሮ ጎረቤታችን፣ ሱቄ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ገዲሴ፣ እንዳትቀየሚኝ። እናትሽን ከሱቄ ጀርባ ካለ ግቢ ስትገባ አየኋት። በሩ ይዘጋና ድቤ ይደለቃል፤ ወንዱም ሴቱም ይገባል» አለችኝ።

ክው አልኩ። በሁዳዴ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮዋን ባስቀመጠችበት ጾም! በተዘጋ ግቢ ድቤ የሚደለቀው የት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን፤ ቃልቻ ቤት ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ አጥታለች፤ አንዱ አታላይ «ከባልሽ አገናኝሻለሁ» ብሎ ይዟታል ብዬ ደመደምኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኛ ጉድ መስከረምን እንኳ አልጠበቀም።

ያን ዕለት ነው ለአንተ የደወልኩልህ። ጮህክ፣ አለቀስክ። ቪዛዋ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር በነጋታው ትኬት ቆረጥክ። «እናቴን ከዚያ ቤት አወጣታለሁ፤ ከእንግዲህ እዚሁ ከኔ ጋር ትኖራለች» አልክ። እኔም እሰይ ነው ያልኩት። አልዋሽህም፣ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የነፍስ አባታችንን ይዤ ለቡ ወረድኩ። እሳቸው መስቀላቸውንና በሃይላንድ ጠበል ይዘዋል፤ ባሌ ኢሉ ደግሞ ዱላ። ሚኒባሱ ውስጥ «ይሄን ቃልቻ አንዴ ባቀመስኩት» እያለ ሲፎክር ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ እኔ በእፍረት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ። ግቢው ጋ ስንደርስ ድለቃው ከእግራችን ሥር መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ኢሉ በሩን እሰብራለሁ ብሎ በትከሻው ቢገፋው ለካስ አልተቀረቀረም! ዘጭ ብሎ ውስጥ ተዘረረ።

ተከትለነው ገባን። በንቲ፣ ቃልቻ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ጫት የለ። ባዶ መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቀሪው ከበሮ በከበሮ ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አለ፣ የመንዙማ ድቤ አለ፣ አታሞ አለ፣ ስሙን የማላውቀው በርሜል የሚያህልም አለ። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እማዬ መሀላቸው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከበሮ ሳትይዝ፣ ጉልበቷን በሁለት መዳፏ ትመታለች።

አንዲት ቀጭን ወጣት ፊታቸው ቆማለች። ቢሊሱማ ትባላለች፣ የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ቡድኑን ያሰባሰበችው እሷ ናት። እኛን ዞር ብላ አይታ «ይቅርታ፣ አንዴ ይጠብቁን» አለችና ወደ እማዬ ተመልሳ «እትዬ ቡዜ፣ ቸኮሉ። ከመጀመሪያው» አለቻት። እናታችንን እኮ ነው! የቀበሌውን ሊቀመንበር አፉን ያስያዘችውን እማዬን! ወጡ ጨው በዝቶበታል ስላት ሳምንት ሙሉ የምታኮርፈኝን! «አሁን አለቀላት፣ ይቺ ልጅ» አልኩ በሆዴ። እማዬ ግን አንገቷን ደፋ አድርጋ «እሺ፣ የኔ እመቤት» አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

የነፍስ አባታችን «ቡዜ! በሁዳዴ ከበሮ?» ብለው ተቆጡ። እማዬ ተነሥታ መስቀል ተሳለመችና «ከበሮ አልነካሁም፣ አባቴ። ጾሙ እስኪፈታ በጉልበቴ ነው የማጠናው። የነኑሪ ጾም ግን ባለፈው ሰሞን ተፈትቷል፣ እነሱ ይምቱ» አለቻቸው። ኑሪ የምትለው ጀሞ ምንጣፍ የሚነግድ የስልጤ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ በመውሊድ ድቤ ሲመታ ያደገ። እሱም ተነሥቶ አባን እጅ ነሣ። አባ ጢማቸውን አሻሹና ወንበር ጠየቁ። ጠበሉን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ትምህርቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ሰሙ። ከቃልቻ ጋር ሊጋደል የመጣው ኢሉም የሰዎቹን ሻይ ጠጣ።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ዘፋኝ የለ፤ ከበሮ ብቻውን ምን ይሆናል? ሰርግ ይሞቅበታል እንጂ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል? ይህን ለእማዬ ብነግራት አልተቆጣችም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ «ነይና ስሚ፣ ከዚያ ትተቺያለሽ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ልተች ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ ኑሪ ብቻውን ድቤውን በጣቶቹ ጫፍ ነካ ነካ ያደርገው ጀመር፤ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው። ቀጥላ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ገባች። የሷ ምት የኑሪ ምት ላይ አያርፍም፤ እሱ በተወው ክፍተት ነው የሚገባው። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ በተዉት። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ሁሉም ገቡ፤ ማንም የማንንም አይረግጥም። እንዴት አይጋጩም እላለሁ። እማዬ ትልቁን ከበሮ ባንገቷ አንጠልጥላ ቆማለች፣ እጇ ግን አይንቀሳቀስም። ትጠብቃለች። አሁንም ትጠብቃለች። ጠፋባት፣ ረሳችው ብዬ በእፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ከዚያ በሰፊው ፊት በኩል አንዴ ብቻ፣ ድም! በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው የሰማሁት። እስከዚያ የተበታተነ የመሰለኝ ድምፅ ሁሉ ለካ እሷን ነበር የሚጠብቀው።

መሀል ላይ ኑሪ ሞቅ አለውና መሮጥ ጀመረ። እማዬ አልገላመጠችውም፣ ዞራም አላየችው። በጠባቡ ፊት በኩል ሁለት ቀጫጭን ምት ጣል አደረገችለት፤ ፈገግ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማንም ሰው ምንም ስሕተት እንደነበር አላወቀም፤ እኔም ያወቅኩት ኋላ ራሱ እየሳቀ ሲናገር ነው። ወደ መጨረሻው እየፈጠነ፣ እየፈጠነ፣ ጣሪያው እስኪንቀጠቀጥ ወጣና ቀጥ አለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ! አንዲት ጣት እንኳ አልቀረችም። ልተች የሄድኩት ሴትዮ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ ተገኘሁ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እማዬ የልጅነቷን አወራችኝ። ከፉሪ እስከ ሀና ማርያም እሷ ድቤ ያልመታችበት ሰርግ አይሞቅም ነበር አለች። ይህን ታውቅ ነበር? እኔ በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ ነው። «ያኔ መምታት ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ቢሊሱማ የምታስተምረን ሌላ ነው። የሚከብደው የሌላውን ምት በልብ ይዞ የራስን አለመጣል ነው። ያቺ ባለ ሰባቷ ምት አሁንም ትጥለኛለች፣ ገና ተማሪ ነኝ» ብላ ሳቀች። በንቲ፣ ሳቀች እኮ ነው የምልህ! አባዬን ከቀበርን ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር።

ለምን ደበቅሽን አልኳት። «ባሏ ሞቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከበሮ አንጠለጠለች ይሉኛል፤ የሰውስ ይሁን፣ ሰው ምን ጊዜም ያወራል። እኔ የፈራሁት በንቲን ነው። አባቱን ሳይቀብር ቀርቶ እዚያ ብቻውን ሲያለቅስ፣ እናቱ እዚህ ድቤ ትደልቃለች ሲባል ቢሰማ ልቡ ይሰበራል» አለችኝ። ጠበል እጠመቃለሁ ያለችው ለዚህ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝን ልንገርህ። ሰኔ ሰባት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አዳራሽ ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቢሊሱማ ስለ ልብስ ስትናገር «እትዬ ቡዜ፣ እርስዎ ነጭ ነው የሚለብሱት» አለቻት። እማዬ «ሰኔ ሰባት እኔ የለሁም፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለች፤ ገበያ እሄዳለሁ እንደማለት። ኑሪ «እናታችን፣ ሄደው ይመለሳሉ አይደል?» ሲል ጠየቀ። እማዬ «መኖሪያዬ እዚያ ይሆናል። የበኩር ልጄ ጠርቶኛል» አለችና ከበሮዋን አውልቃ ለሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጅ አንገት ላይ አጠለቀችው። ከኋላዋ ቆማ እጇን በልጅቷ እጅ ላይ አድርጋ የራሷን ምት ታስተምራት ጀመር። ልጅቷ ታለቅሳለች። ቢሊሱማ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። እማዬ አላለቀሰችም፤ «አይዞሽ፣ ጠብቂ፣ ገና ነው፣ ጠብቂ» ትላታለች።

ቤት ገብተን ጮህኩባት። ምነው ለበንቲ ብትነግሪው፣ ምነው አልሄድም ብትይ አልኳት። «ልጄ ትኬት ቆርጦ እማዬ ነይ ሲለኝ፣ ከበሮ አለብኝ ልበለው? አፌ አይችልም። ደግሞም ያረፈ ነገር አታንሺበት» አለችኝ። እንዳልነግርህም አስማለችኝ። ይኸው መሐላዬን በልቼ እየጻፍኩልህ ነው፤ ንስሐውን እኔ እገባለሁ።

ወንድምዓለም፣ ክፉ እንዳላሰብክ አውቃለሁ። ከቃልቻ ልታድናት ነበር፤ ቃልቻውን የፈጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ግን እስቲ አስበው። አንተ ጠዋት ትወጣለህ፣ ሶሬቲ ማታ ትወጣለች። ሕፃኗ ስታለቅስ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ ይመታል ያልከኝ አንተ ራስህ ነህ። እማዬ እዚያ ምን ልትሆን ነው? መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ዝናብ ልታይ? አንተን ትናፍቃለች፣ ስምህን ሳታነሣ አትውልም። አንተው ብትመጣላት ደግሞ በደስታ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እሷ ግን ካንተ ፈቃድ አትወጣም። «በኩር ልጄ» ካለች አለቀ፣ ታውቃታለህ። እኔ ብለምናት፣ አባ ቢመክሯት፣ ኑሪ እግሯ ላይ ቢወድቅ ትሄዳለች። የሚያስቀራት ያንተ አፍ ብቻ ነው። ደውልላትና «እማዬ፣ ቅሪ» በላት። ምክንያት አትደርድር፣ የኔንም ስም አታንሣ። ቅሪ ብቻ በላት።

ሶሬቲን ጉንጯን ሳምልኝ። ሕፃኗን አቅፈህ አገላብጠህ ሳማት፤ አክስትሽ ነይ ትልሻለች በላት። ኢሉ ከልብ ሰላም ይልሃል። ቀመሪያ «በወሬዬ ቤት አናጋሁ» ብላ እያዘነች ነው፤ ሰላምታዋን ልካለች። የነፍስ አባታችን ይባርኩሃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ለቡ አይቀሩም። እማዬ እዚሁ አጠገቤ አለች፤ ለበንቲ ልጽፍ ነው ስላት ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። «ሰላም በይልኝ። ሻንጣዬን አሰናድቼ ጨርሻለሁ፣ በኔ በኩል እንዳያስብ በይው» ብላሃለች።

እህትህ ገዲሴ ዋቅቶላ
ሀና ማርያም፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.