የአባባ ታክሲ ቁልፍ ማስገቢያ

ወንድሜ ቦአቺ፣

ሰላምታዬ ታኮራዲ ድረስ ይድረስህ። እኛ ኩማሲ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አሰልችቶናል።

የአባባ ታክሲ ቁልፍ ማስገቢያው ተበልቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ይወድቅ ነበር። መካኒኩ ኦቴንግ፣ «አባባ፣ ይሄማ በማንኪያም ይነሳል!» ብሎ ቀየረለት። መቀየሩ እንዲታመን እንደ ወጉ አሮጌውን በእጁ አስጨበጠው።

በማግስቱ አባባ አሮጌውን ይዞ ተመለሰ። «አንተ ሰነፍ፣ ይሄን መቼ ነው የምትቀይርልኝ?»

ኦቴንግ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ትናንት አባባ ያንኑ ሲደግምለት ግን አልሳቀም። አዲሱን ፈታ፣ ጠራረገ፣ መልሶ አሰረው። አባባም ደስ ብሎት መረቀው።

አሁን ሲነዳ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሽርሽር አምሮኝ ነው እለዋለሁ።

ፋሲካን አትጠብቅ፣ ቶሎ ና። አባባ ዛሬም በስምህ ጠርቶ ሰላም ብሎሃል።

መንገድህን ያቅናልህ፤
እህትህ ሴርዋ