ላም የማያውቀው ጓንታችን

ባንቴ፣

ይቺ ካርድ ስትደርስህ የጻፍከውን ፕሮግራም ክፈትና እፈርበት። ዛሬ አሰላ ሆስፒታል ውስጥ የእጅ አቅም የሚለካውን ጓንታችንን፣ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ላደከመባቸው ለጢቾዋ እማማ ሰኪና አጠለቅሁላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ላማቸውን ከምራታቸው እጅ አስጥለው ራሳቸው ማለብ። «እንግዲያው እንደሚያልቡ አድርገው ይጭመቁ» አልኳቸው፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ድረስ ተራ በተራ አጠፉ። ያንተ ፕሮግራም «ይንቀጠቀጣል፣ አቅም የለውም» ብሎ ፈረደ። እኔም ጅሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ጣት ሁሉ ባንዴ ከጨመቀ ወተቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ይሄን የሠራው ሰው አልቦ ያውቃል?» አሉኝ። አዲስ አበባ የሞከርንበት እጅ ሁሉ የላስቲክ ወተት ለመክፈት እንኳን ጥርስ የሚጠራ ነው።

ከዚያ ጓንቱን አወለቁና፣ አቅም የለውም በተባለው እጅ የቀኝ እጄን አውራ ጣት ይዘው አለቡት።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ብርቄን ሳምልኝ፤ እማማ ሰኪና ሰኞ ስለሚመለሱ ፕሮግራሙን እስከዚያ አስተካክል። ፊደሌ ቢንጋደድብህ አትቀየመኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ለሊሳ