የአባባ ጨርቅ

ወንድሜ፣

እንቅልፍ ስለወሰደህ ሳልቀሰቅስህ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለአባባ የሰፋኋቸው የሽንት ጨርቆች አልጋው ግርጌ ታጥፈዋል። የሚጣለው ዳይፐር ለእኛ ይቀለናል፤ ጭኑን ግን ልጦታል። አንተም አይተሃል፣ እንዳላየ አትሁን። ማጠቡ የኔ ነው፤ አንተ የረጠበውን ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ክተትልኝ።

ብቻ እባክህ
የታጠበውን መንገድ ዳር ያለው ገመድ ላይ አታስጣ። ትናንት ገመናውን አደባባይ አሰጣኸው። አባባ በመስኮት አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም። የጮህኩብህም ለዚህ ነው። ጩኸቴንም ሰምቷል። እሱ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው።

ዕድሜ ልኩን የሰው ሱሪ ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ፣ የኔን ስፌት ዝም ብሎ የሚለብስ መስሎኝ! ዛሬ ጠዋት ሳይ አንዱን ፈትቶ እንደገና ሰፍቶታል። ጠርዙን አለስልሶታል፣ ቁልፍ ተክሎለታል። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ መርፌው ላይ ክር እንዴት እንዳስገባ እግዜር ይወቅ።

ኪስም ሠርቶለታል።

ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፤ አንተም እንዳትጠይቀው። ዛሬ ባለ ኪሱን አልብሰው።

መሐረቡን ኪሱ ውስጥ ክተትለት።