በግድግዳዬ ላይ ስለሚያልፈው የገላ መታጠቢያዎ ሽቦ

ሐምሌ ፳፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.
ኮልፌ

ለክቡር ባላምባራስ ኃይለ መስቀል፣ ለአጥቢያችን ዳኛ፣ እንዲሁም ለግድግዳ ጎረቤቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩብርሃንስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ከሞቱትና ከተሰበሩት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በእድራችን ቤት በር ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልዘለቅሁ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ከአላፊ አግዳሚው አንዱ ቆሞ እንዲያነብልዎ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። በሰፈራችን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሻወር ያስገቡ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ በመሆንዎ ኮርተናል። ቆጣሪዎ ከፊት፣ መታጠቢያዎ ከጓሮ ሆኖ ሽቦው መሄጃ ሲያጣ፣ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳዎ በምስማር እንዳይበሳ አዝነው የእኔን የጭቃ ግድግዳ ከውጭ በኩል ስለመረጡልኝም እጅ እነሣለሁ። ሳይጠይቁኝ መምረጥዎማ የቤተ ዘመድ ያህል ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ በተራ ቁጥር።

፩ኛ/ ሽቦው ቀጭን ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደሜ አይቶት፣ "ይሄ እኮ ለአንድ አምፑል ነው እትዬ፣ ለሻወርማ ይነዳል" ብሎኛል። በታጠፈ ምስማር ተቸንክሮ፣ ምስማሩ ልባሱን በልቶ መዳቡ ሁለት ቦታ ይታያል። ማብሪያው ቆጣሪው አጠገብ ስለሆነ ኮረንቲ የሚሄድበት እርስዎ ሲታጠቡ ብቻ ነው። እርስዎም ቅዳሜን አያሳልፉም።

፪ኛ/ ከዚያ ግድግዳ በወዲህ በኩል ልጄ ሰብሌ አራስ ናት፤ ሃያ ቀን ከሆነው ልጇ ጋር በብረት አልጋ ትተኛለች። ጭቃው ዝናብ ጠጥቷል። እርስዎ በታጠቡ ቁጥር አልጋው ይነዝራል። ወደ መሐል ቤት ብናወጣው ደግሞ ጣሪያው ያፈስበታል። ለልጅ ልጄ ገና ክርስትና ሳይነሣ ወይ በብርድ ወይ በኮረንቲ ብለው ምርጫ ስለሰጡት፣ ውለታዎን ሲያድግ እነግረዋለሁ፤ ካደገ።

፫ኛ/ ይህ ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። አማቴ እማማ ሰርኬ ሐምሌ አሥራ አምስት ሲያርፉ፣ እድሩ ድንኳኑን ከዚያው ግድግዳ አስጠግቶ ተከለ። የራሰ ሸራ፣ የብረት ቋሚ፣ ከታች ጭቃ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ለቅሶው ደምቆ ሳለ እርስዎን በዓይናችን ፈልገን አጣንዎ፤ ለካ ገላዎን እየታጠቡ ኖሯል። በዚያችው ሰዓት የባለቤቴ የአጎት ልጅ ወዬሳ ቋሚውን ልደገፍ ብሎ ቢይዘው ጮኸ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ወዬሳ እማማን በሕይወት ሳሉ አምስት ዓመት ጠይቋቸው አያውቅም። ሴቱ ሁሉ "አቤት አንጀቱ! ለካ እንዲህ ይወዳቸው ኖሯል!" እያለ እየዬውን አቀለጠው። ፈቀደ የሚባለው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ "ያዙት እንጂ! ራሱን እንዳይጎዳ ያዙት!" ብሎ ወገቡን ቢያቅፈው፣ እሱም እንደ በሬ አጉርቶ እዚያው ተጣበቀ። አልቃሿም ለፈቀደ ጭምር ግጥም አወጣችለት። ክቡርነትዎ፣ እኔም ደረቴን እየደቃሁ ነበር፤ ለእግዜር አይዋሽምና ልናዘዝ፣ በሐዘናቸው ቀናሁ።

ነገሩ የገባው ደሜ ብቻ ነው። የእንጨት አግዳሚ ወንበር አንሥቶ የወዬሳን ክንድ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ክንዱ ተሰበረ፣ ሰዎቹ ግን ተላቀቁ። ለቀስተኛው ያየው ሐዘንተኛ በወንበር የሚደበድብ ጉድ ነውና፣ "በለቅሶ ላይ?! አንተ ከሃዲ!" ብሎ ተነሣበት። በዱላ፣ በጃንጥላ፣ በጫማ። ሁለት ጥርሱን ከጭቃው ውስጥ ለቀምንለት። እኔ ራሴ ሁለቴ በቡጢ ብዬዋለሁ። የወዬሳ መዳፍ እስከ አጥንቱ ነዷል፤ ፈቀደ ምላሱን ነክሶ ጡሩምባ መንፋት ስላልቻለ፣ አሁን ሰፈርተኛው የሚሞተው ሳይነገርለት ነው። እርስዎ ታጥበው፣ ፎጣ አንገትዎ ላይ ጥለው ብቅ አሉና፣ "ምንድነው ጫጫታው?" አሉን።

፬ኛ/ ሰኞ ለዳኛ አቤት አልን። ዳኛው እርስዎ ነዎት። ሻወሩ የማን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው በጥሞና ሰሙን፤ ከዚያም ለቅሶ በመረበሽ ብለው ደሜን ሁለት ቀን አሰሩት። ምግብ ስወስድለት ያበጠ ከንፈሩን እየዳበሰ፣ "እትዬ፣ ከኮረንቲው የእናንተ እጅ ይብሳል" አለኝ። ሽቦው ግን፣ "በጽሑፍ ካልቀረበ አልሰማም" ስላሉን፣ በነፃ ተለቀቀ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ሽቦውን ከግድግዳዬ አንሥተው በራስዎ ያሳልፉት። ቀለም ይታደሳል። ሕፃን አይታደስም።

ፍርድዎ እንደ ገላዎ ይጠራ ዘንድ የምጸልይ፣ በግድግዳዎ፣ ይቅርታ፣ በግድግዳዬ ማዶ ያለሁ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ዋጋነሽ ነገሬ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ማታ ዝናቡ ስለበረታ አልጋውን ወደ ግድግዳው መልሰነው ነበር። ይህን ፈርሜ ሳልለጥፈው፣ ዛሬ ጠዋት እርስዎ ሻወሩን ሲከፍቱ ሰብሌ ጮኸች። ልጁን ነጥቄ አወጣሁት፤ እሱም እናቱም ደኅና ናቸው። ከዚያ ደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሜ፣ ሽቦውን ከጥጉ ላይ በመጥረቢያ በአንድ ምት ጎረድኩት። በሳሙናዎ መካከል ውሃው በረዶ የሆነብዎ ለዚህ ነው። በቆጣሪው በኩል ያለው ቁራጭ፣ ማብሪያው ገና ስላልጠፋ፣ ከነነፍሱ በግቢዎ እርጥብ ሣር ላይ ተጋድሟል። ለወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ ለልጆቹና ለዘበኛው እንዳይጠጉት በአጥር ላይ ጮኼ ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ ግን ማናቸውንም ነገር በጽሑፍ ካልቀረበ እንደማይሰሙ ስለማውቅ፣ ይኸው ጽፌልዎታለሁ።